ስለ አሮጌ ፒክአፕ የኤሌክትሪክ ሕመምና ስለ አመረማመሩ

«ባትሪው ሞቷል» የሚለው ቃል በየጋራዡ ደጃፍ በየቀኑ የሚሰማ ፍርድ ነው። ፍርድ ያልነውም ያለ ነገር አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ምስክር ሳይሰማና ማስረጃ ሳይመረመር የሚሰጥ ስለ ሆነ ነው። ባለመኪናው ጧት ተነሥቶ ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሪኖው አንድ ሁለት ጊዜ ያቃስትና ዝም ይላል። መካኒክ ይጠራል። መካኒኩም ኮፋኖውን ከፍቶ፥ ባትሪውን በዐይኑ ብቻ አይቶ፥ «ይኸ አልቆለታል፤ አዲስ ይግዙ» ይላል። አዲሱ ባትሪ ይገዛል። መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ደኅና ይነሣና ከዚያ በኋላ ያው የቀድሞው ማቃሰት ይመለስበታል። አሁን ደግሞ ተራው የዲናሞው ይሆናል፤ ቀጥሎ የሞተሪኖው፤ በመጨረሻም ባለቤቱ ተስፋ ቈርጦ መኪናውን በርካሽ ይሸጠዋል። የገዛው ሰው ግን አንድ የሻገተ ካቦ ጠርጎ ብዙ ዓመት ይሠራበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ፍርድ እንዴት በማስረጃ ሊሰጥ እንደሚችል ማሳየት ነው። የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ከዲናሞ ጋር ምን አገናኛቸው ብለው የሚስቁብን የቴክኖሎጂ ተማሪዎች እንደሚኖሩ እናውቃለን። ይሳቁ። እኛ ዲናሞ እንሥራ አላልንም፤ በሽታው የት እንዳለ እንጠይቅ ነው ያልነው። መጠየቅ ደግሞ የሁሉ ፋኩልቲ ሥራ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው መሣሪያ ጥቂት ነው፤ ቮልትና አምፔር የሚለካ አንድ ቴስተር፥ አንድ ካቻቪቴ፥ ለባትሪው ዳዶ የሚሆን ቁልፍ፥ ትንሽ የብርጭቆ ወረቀት። የቀረው ትዕግሥት ነው።

ምሳሌ እንዲሆነን አንድ መኪና እንምረጥ። በሀገራችን መንገድ ላይ በብዛት ከምናያቸው አሮጌ ፒክአፖች አንዱ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ሃይሉክስ መሠራት የጀመረው በ1968 እ.ኤ.አ. ሲሆን፥ እኛ በተለይ የምናስበው ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተሠራውን አምስተኛውን ትውልድ፥ በናፍጣ የሚሄደውን፥ 2.4 ወይም 2.8 ሊትር ሞተር ያለውን ነው። ይኸ መኪና ሠላሳ ዓመት አልፎትም ዛሬ ሽንኩርት ይጭናል፥ ሲሚንቶ ይጭናል፥ ሙሽራም ይጭናል። በውስጡ ኮምፒዩተር የሚባል ነገር ስለማይበዛበት፥ ዐይንና ቴስተር ይበቁታል። የሌላ ፋብሪካ አሮጌ ፒክአፕ ያለው ሰውም ከዚህ በታች የምንለው አብዛኛው ይጠቅመዋል።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል፤ ይኸ መቼም የእኛ ወገን ደካማ ጎን ነው። የጋራዡ ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። ሞተሪኖ፥ ኮፋኖ፥ ካንዴላ፥ ካቻቪቴ፥ ኩሽኔታ፥ ዳዶ፥ ሁሉም ከዚያ የመጡ ናቸው። መካኒኮቻችን «ማሳ» ሲሉም የገብስ ማሳ ማለታቸው አይደለም፤ የባትሪው ኔጋቲቭ የሚታሰርበትን የሞተሩንና የሻንሲውን ብረት ማለታቸው ነው። «ዲናሞ» የሚለው ቃል ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በድሮ መኪናዎች ላይ የነበረው እውነተኛው ዲናሞ ነበር። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግን፥ ክራይስለር በቫሊያንት መኪናው ላይ መደበኛ ካደረገው በኋላ፥ አልተርኔተር የሚባለው ሌላ መሣሪያ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ። ዕቃው ተለወጠ፤ ስሙ ግን በእኛ ዘንድ ዲናሞ እንደ ሆነ ቀረ። እኛም ሕዝቡ በሚጠራበት ስም እንጠራዋለን። ነገር ግን ስሙ ብቻ ሳይሆን የድሮው ልማድም አብሮ ስለ ቀረ አንድ ጉዳት ደርሷል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኤሌክትሪኩ ሥራ በአጭሩ እንዲህ ነው። ባትሪው ጎተራ ነው፤ ዲናሞው አዝመራ ነው፤ ሞተሪኖው ድግስ ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ለማስነሣት ለጥቂት ሰከንዶች ከጎተራው በብዙ እፍኝ፥ ማለት ከ100 አምፔር በላይ ይዝቃል። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ዲናሞው ለመብራቱም ለሬዲዮውም የሚበቃውን እያመረተ የተዘቀውን ወደ ጎተራው ይመልሳል። እንግዲህ ጧት ጎተራው ባዶ ሆኖ ቢገኝ ምክንያቱ አራት ሊሆን ይችላል። ጎተራው ራሱ ተበስቷል፤ ወይም አዝመራው አልገባም፤ ወይም አዝመራው ደርሶ መንገዱ ተበላሽቷል፤ ወይም ሌሊት ሌባ ገብቷል። ባትሪ ብቻ የሚለውጥ ሰው ከአራቱ አንዱን ብቻ ነው የጠየቀው።

የቀዩ መብራት ነገር

ከሁሉ አስቀድመን ልናወራበት የምንፈልገው ግን በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ፥ የባትሪ ሥዕል ያለበትን ትንሽ ቀይ መብራት ነው። ብዙ ነጂዎች ይኽ መብራት ሲበራ «ባትሪ አይሞላም ማለት ነው፤ ናፍጣ ስለ ሆነ ግን እቤት ያደርሰኛል» ብለው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። እርግጥ ነው፤ አሮጌ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ለመዞር የሚፈልገው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ነው፤ ናፍጣውን የሚከፍተውን ትንሽ ማግኔት የሚይዝ ኀይል ይበቃዋል። እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላው ሁልጊዜ እሳት አይጠይቅም። ስለዚህ ቀን ከሆነ ብዙ ኪሎ ሜትር መሄድ ይቻላል የሚለው አባባል ሐሰት አይደለም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው።

በእነዚህ የቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች ላይ፥ በዲናሞው ጀርባ አንድ ትንሽ ፓምፕ ተገጥማለች። የዲናሞው ዘንግ ሲዞር እርስዋም ትዞራለች፤ ሥራዋም አየር መምጠጥ ነው። የተመጠጠው አየር የሚፈጥረው ባዶነት ነጂው ፍሬን ሲረግጥ እግሩን ያግዘዋል። የቤንዚን ሞተር ይኸን ባዶነት ከራሱ አየር መሳቢያ ያገኘዋል፤ የናፍጣ ሞተር ግን ስለማያገኝ ፓምፕ ተሰጠው። እንግዲህ ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ቢበጠስ የሚቆመው ኤሌክትሪኩ ብቻ አይደለም፤ የፍሬኑ አጋዥም ይቆማል። ጥቂት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። ፍሬኑ ጨርሶ አይጠፋም፤ ነገር ግን መኪናውን ለማቆም በሙሉ ጉልበት መርገጥ ያስፈልጋል። ያው ቺንጋ አብዛኛውን ጊዜ የውሃውን ፓምፕና ማራገቢያውንም ስለሚያዞር ሞተሩም ወዲያው መጋል ይጀምራል።

አሁን ይኸን ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው መንገድ ላይ እናስበው። ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁለት፥ ከኋላ ጭነት፥ ከፊት ጠመዝማዛ። በዚያ መካከል ቀዩ መብራት ቢበራ «እቤት ያደርሰኛል» ማለት አይገባም። ማርሽ ቀንሶ፥ ፍሬኑን ደጋግሞ ሳይረግጡ በአንድ ጊዜ አጥብቆ ይዞ፥ በመጀመሪያው ሰፊ ቦታ ዳር መቆም፥ ሞተሩን አጥፍቶ ኮፋኖ ከፍቶ ቺንጋውን ማየት ያስፈልጋል። ቺንጋው በቦታው ካለና በደንብ ከተወጠረ፥ መብራቱ የበራው በኤሌክትሪክ ጉድለት ብቻ ነውና በቀን ብርሃን ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። ቺንጋው ከሌለ ግን አዲስ ሳይገባ አንድ ሜትርም መሄድ አይገባም። ስለዚህ በየአሮጌው ፒክአፕ መቀመጫ ሥር አንድ ትርፍ ቺንጋ ቢቀመጥ ከምንም ጌጥ ይበልጣል እንላለን።

ቺንጋው ሳይበጠስም ይዋሻል። ሲላላ ወይም ጎኑ እንደ መስተዋት ሲያንጸባርቅ በመዘውሩ ላይ ይንሸራተታል፤ በተለይ ጧትና በዝናብ ጊዜ፥ መብራት ሲበራበት ያፏጫል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በሁለቱ መዘውሮች መካከል በአውራ ጣት በኀይል ሲጫኑት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ልክ ነው። ከዚያ ብዙ ከረገበ መወጠር አለበት። ምንም የማይረግብ እስኪሆን መወጠርም ጥፋት ነው፤ የዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን ኩሽኔታ ይበላል።

የመብራቱን ጠባይ ለሚያስተውል ሰው ሌላም ወሬ ይነግረዋል። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሣ መብራቱ መብራት አለበት፤ ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት አለበት። ቁልፉ ተከፍቶ ጨርሶ ካልበራ አንዳንዱ ሰው ደስ ይለዋል፤ ግን ምስክሩ ስለ ሞተ ነው እንጂ ጤና ስለ ሆነ አይደለም። ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፥ ወይ ፊውዝ ወድቋል፥ ወይ ወደ ዲናሞው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ተበጥሷል። በአንዳንድ ዓይነት ዲናሞዎች ላይ የመጀመሪያው የማግኔት ኀይል የሚያልፈው በዚሁ አምፖል ውስጥ ስለ ሆነ፥ አንዲት የተቃጠለች አምፖል ዲናሞውን ሥራ ታስፈታለች። ሞተሩ እየሠራ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ የሚታይ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ዳዮዶች አንዱ ተበላሽቷል ወይም አንድ ማሰሪያ ላልቷል ማለት ነው።

ስለ ልክ

ቴስተሩ የቀጥታ ቮልት ላይ ተደርጎ፥ ቀዩ በባትሪው ፖዘቲቭ፥ ጥቁሩ በኔጋቲቭ ላይ ይያዝ። የመጀመሪያው ልክ ጧት፥ መኪናው አድሮ፥ ምንም ነገር ሳይከፈት የሚወሰደው ነው። ባትሪው እያንዳንዳቸው ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች ስላሉት፥ ጠግቦ ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.4 ቢሆን ሩቡ ጎድሏል፤ 12.2 ቢሆን ግማሹ ነው፤ 12 እና ከዚያ በታች ከሆነ የተራበ ነው። የተራበ ግን የሞተ አይደለም፤ ይኸን ልዩነት አጥብቀን እንይዘዋለን። በቻርጀር አንድ ሌሊት ሞልቶ፥ ከቻርጀሩ ተፈትቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ተለክቶ 12.6 ከያዘ ገና አገልጋይ ነው። ሞልቶም በማግሥቱ ያለ ሥራ ወደ 12 የሚወርድ ከሆነ ያን ጊዜ ሞተ ቢባል አንከራከርም።

ሁለተኛው ልክ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር የሚወሰድ ነው። ሞተሪኖው እየዞረ የጤነኛ ባትሪ ቮልት ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም፤ ብዙ ጊዜም ከ10 በላይ ይቆያል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ይታሰብ። በብርድ ጊዜ የባትሪው ጉልበት ይቀንሳል፤ የሞተሩ ዘይትም ይወፍርና ሞተሪኖው የበለጠ ይለፋል። ስለዚህ ደከም ያለ ባትሪ የሚጋለጠው በዚያ ወራት ነው። የሚገድለው ግን ሙቀት ነው። በአዋሽና በአፋር በኩል የሚመላለስ መኪና ባትሪው ውስጥ ያለው ውሃ ቶሎ ይተናል፤ የእርሳስ ሰሌዳዎቹም ቶሎ ይበላሉ። ክዳን ያለው ባትሪ ከሆነ ውሃው ሰሌዳዎቹን መሸፈኑን በየጊዜው ማየትና ሲጎድል የተጣራ ውሃ ብቻ መጨመር ያስፈልጋል። የቧንቧ ውሃ አይሆንም፤ አሲድ መጨመርም ትክክል አይደለም፤ የሚተነው ውሃው ነውና።

ሦስተኛው ልክ ሞተሩ ተነሥቶ ጋዝ ትንሽ ተሰጥቶት የሚወሰደው ነው። ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ቢያሳይ ዲናሞው ሥራውን እየሠራ ነው። ቀጥሎ የፊት መብራቱን ሁሉና ማራገቢያውን አብርቶ እንደገና መለካት ነው፤ ከ13 በላይ ከቆየ ደኅና ነው። ሞተሩ እየሠራ 12 ነጥብ ምናምን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ አዝመራው አልገባም። ከ15 ቮልት ከበለጠ ደግሞ ተቃራኒው በሽታ ነው፤ ረጉሌተሩ ልጓሙን ለቆታል። ባትሪው ይፈላል፥ ውሃው ቶሎ ቶሎ ያልቃል፥ አምፖሎች በየሳምንቱ ይቃጠላሉ። አምፖል በመለወጥ የሰለቸ ሰው ይኸን ልክ ይውሰድ።

ቀደም ብለን ያነሣነው የድሮ ልማድ እዚህ ላይ ይመጣል። እስከ ዛሬ ድረስ አንዳንድ ሰዎች ዲናሞ መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካቦ ይነቅላሉ፤ ሞተሩ ካልጠፋ «ዲናሞው ይሠራል» ይላሉ። በመጀመሪያ ነገር የናፍጣ ሞተር በዚህ አይመረመርም። በሁለተኛም ባትሪው እንደ ትራስ ሆኖ የዲናሞውን ኀይል ያለዝበው ነበርና፥ ሲነቀል ቮልቱ በቅጽበት ወደ ላይ ይዘላል፤ ዳዮዱንና ረጉሌተሩን ያቃጥላል። ለመመርመር ተብሎ ጤነኛው ዲናሞ ይገደላል ማለት ነው። ቴስተር ባለበት ዘመን ይኸን የሚያደርግ ሰው ሲታይ «ጋሼ፥ እባክዎ አይንቀሉት» ብሎ በአክብሮት መከልከል ነው።

መንገዱ ሲበላሽ

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደምንወደው ክፍል ደረስን፤ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ባትሪውም ዲናሞውም ጤነኛ ሆነው በመካከላቸው ያለው መንገድ ሊታመም ይችላል። ኤሌክትሪክ ከባትሪው ፖዘቲቭ ወጥቶ ሥራውን ከሠራ በኋላ በማሳው በኩል ወደ ኔጋቲቩ መመለስ አለበት። መውጫውን ሁሉም ያየዋል፤ መመለሻውን ማንም አያስበውም። ካቦው ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰርበት ቡሎን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጭቃና ዘይት ሲጠጣ ኖሮ ውስጡ ይዝጋል። ከውጭ ሲታይ ግን የታሰረ ይመስላል።

የኦም ሕግ የሚባለው ነገር የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አጭር ነው፤ የሚጠፋው ቮልት የአምፔሩና የእንቅፋቱ ብዜት ነው። በዝገቱ ምክንያት 0.02 ኦም የምትሆን እጅግ ትንሽ እንቅፋት ብትኖር፥ 5 አምፔር ሲያልፍባት የምታጠፋው 0.1 ቮልት ብቻ ነውና ማንም አያውቃትም። ሞተሪኖው 130 አምፔር ሲጠይቅ ግን 2.6 ቮልት ትሰርቃለች። ስለዚህ ሬዲዮው ይጮኻል፥ መብራቱ ይበራል፥ ሞተሪኖው ግን ያቃስታል። ያን ጊዜ ነው «ባትሪው ሞቷል» የሚባለው።

የአንድ ባልንጀራችን አጎት ከዝዋይ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሱበት ሃይሉክስ እንዲህ ሆኖ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጋራዥ ሁለት ባትሪና አንድ ዲናሞ አስገዝቷቸዋል። መኪናው ግን ጧት ጧት በሰፈር ልጆች ግፊት ይነሣ ነበር፤ እርሳቸውም ማታ ማታ ቁልቁለት ያለበት ቦታ ፈልገው ማቆም ልማድ አድርገውት ነበር። ቲማቲም ደግሞ ልጆች እስኪሰበሰቡ አይጠብቅም። ሊሸጡት ገዢ አነጋግረው ሳለ ነው ቴስተሩን ይዘን የሄድነው።

ባትሪው አድሮ 12.5 ነበር። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ላይ 10.8 አሳየ፤ ስለዚህ ባትሪው አልዋሸም። ቀጥሎ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፥ ሌላውን በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ አድርገን ቁልፉ ይዙር አልን። በሁለቱ መካከል ቀና መንገድ ቢኖር ቴስተሩ ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት የበለጠ ባላሳየ ነበር። ያሳየው 2.7 ቮልት ነው። በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ተለክቶ የጠፋው 0.3 ብቻ ነበር። እንግዲህ ከ10.8 ላይ ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ቀርቶ ለሞተሪኖው የደረሰው 7.8 ነው። በ7.8 ቮልት የናፍጣ ሞተር የሚያዞር ሞተሪኖ የለም። የማሳው ካቦ ተፈታ፤ ጫፉ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ፥ ግማሹ የመዳብ ክር ተበልቶ ነበር። አዲስ ወፍራም ካቦ ተገዛ፤ የሞተሩ ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ተፈገፈገ፤ ቡሎኑ ተጠበቀ። ሞተሩ በመጀመሪያው ዙር ተነሣ። የቀድሞዎቹ ባትሪዎችና ዲናሞው በአሮጌ ዋጋ ተሰጥተው ስለ ነበር ሊመለሱ አልቻሉም። መኪናው ግን አልተሸጠም።

ይኸ አመረማመር ለዲናሞውም ያገለግላል። ሞተሩ እየሠራና መብራቱ ሁሉ በርቶ፥ ከዲናሞው ወፍራም ሽቦ መታሰሪያ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ድረስ የሚጠፋው ቮልት ከ0.3 መብለጥ የለበትም፤ ከዲናሞው ገላ እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ደግሞ ከ0.2 መብለጥ የለበትም። አንድ ተጨማሪ ዘዴም አለ። የቴስተሩን ጫፍ በባትሪው ማሰሪያ ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ አናት ላይ፥ ሌላውን በማሰሪያው ላይ አድርጎ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ሁለቱ የሚነካኩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በመካከላቸው ነጭ ዱቄት ካለ ቴስተሩ ያጋልጠዋል። ዱቄቱ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ፥ በብርጭቆ ወረቀት ተጠርጎ፥ ከታሰረ በኋላ ቫዝሊን ይቀባል። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቅደም፥ ሲታሰርም ኔጋቲቩ ኋላ ይሁን፤ አለዚያ ቁልፉ ፖዘቲቩን ሲፈታ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት ይተፋል።

ዲናሞው ራሱ የታመመ እንደ ሆነም ሁልጊዜ ሙሉው መለወጥ የለበትም። በውስጡ የሚዞረው ማግኔት ኀይል የሚያገኘው በሁለት ትንንሽ ካርቦኖች በኩል ነው፤ ጥቂት አምፔር ገብቶለት 50 ወይም 60 አምፔር ያወጣል። ካርቦኖቹ እያለቁ ይሄዳሉ። ርዝመታቸው ከግማሽ ሴንቲ ሜትር ካነሰ መለወጥ ነው፤ የዚህም ዋጋ ከዲናሞው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በእኛ ሃይሉክስ ላይ ግን ካርቦን ለውጦ ዝም ማለት አይበቃም። ከኋላ ያለችው ፓምፕ የሞተር ዘይት ስለምትጠጣ፥ የዘንጉ ጎማ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ዲናሞው ውስጥ ይገባል፥ ካርቦኖቹንም ያጨማልቃል። ዲናሞው ሲከፈት ውስጡ በዘይት ርሶ ከተገኘ ጎማው አብሮ ካልተለወጠ አዲሱ ካርቦንም በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ሌላ ዲናሞ የሚገዛ ሰውም ፓምፕ ያለው መሆኑን፥ የዘይት ቱቦዎቹም በትክክል መታሰራቸውን ያረጋግጥ። ከገጠሙ በኋላ ከሰፈር ሳይወጡ ፍሬኑን መሞከር ግድ ነው።

የሌሊቱ ሌባ

ሁሉ ነገር ተለክቶ ደኅና ሆኖ ሳለ ሁለት ሦስት ቀን የቆመ መኪና አልነሣ የሚል ከሆነ ሌሊት የሚጠጣ ነገር አለ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ግማሽ አምፔር ብቻ የምትጠጣ ነገር በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ትወስዳለች፤ 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሦስት ቀን ግማሹን ያጣል። አሮጌ ፒክአፕ በየባለቤቱ እጅ ሲያልፍ ሬዲዮ፥ ተጨማሪ መብራት፥ ጡሩምባ፥ የስልክ ቻርጀር እየተጨመረበት የመጣ ስለ ሆነ፥ ብዙዎቹ ሽቦዎች ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ጋር የተቋጠሩ ናቸው። እነዚህ ሽቦዎች ባትሪ ከመጨረስ አልፈው መኪና ማቃጠልም ስለሚችሉ፥ እያንዳንዳቸው በባትሪው አጠገብ የራሳቸው ፊውዝ ይግባላቸው።

ሌባውን ለመያዝ ቁልፉ ተነቅሎ፥ በሩ ተዘግቶ፥ የባትሪው ኔጋቲቭ ካቦ ይፈታል። ቴስተሩ በ10 አምፔር ቀዳዳው ላይ ተደርጎ በካቦውና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ይገባል፤ ኤሌክትሪኩ ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፍ ማዞር ወይም የፊት መብራት ማብራት የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ከ0.05 አምፔር ያነሰ ከሆነ ምንም አይደለም። ከዚያ ከበለጠ ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ቴስተሩን መመልከት ነው። አንዱ ሲነቀል ቍጥሩ በድንገት ከወረደ ሌባው በዚያ ፊውዝ መስመር ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ያልተዘጋ የዕቃ ሣጥን መብራት ወይም ሬዲዮ ሆኖ ይገኛል።

ፊውዞቹ ሁሉ ተነቅለው ቍጥሩ አሁንም ካልወረደ ዲናሞውን እንጠርጥር። የተበላሸ ዳዮድ ኤሌክትሪኩን ወደ ኋላ ያሳልፋልና። ቴስተሩ ተነሥቶ፥ የባትሪው ኔጋቲቭ እንደ ተፈታ ሆኖ፥ የዲናሞው ወፍራም ሽቦ ይፈታና ጫፉ በጨርቅ ወይም በጎማ ይጠቀለላል፤ ከዚያ ቴስተሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። አሁን ቍጥሩ ወደ ምንም ከወረደ ሌባው ራሱ አዝመራው ነበር። ይኸ የሆነ እንደ ሆነ ሽቦው ወደ ቦታው ተመልሶ፥ ዳዮዱ እስኪለወጥ ድረስ፥ ማታ ማታ የባትሪውን ኔጋቲቭ ካቦ ፈትቶ ማደር ይበቃል።